ዎል ፓነል ምንድን ነው?

በቅርቡ «አዲሱን ቤቴን ኑ እዩልኝ» ብሎ የጠራችሁ ሰው ካለ፣ ሳሎን ገብታችሁ ገና ሳትቀመጡ ዓይናችሁ ከቲቪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ አርፏል። ቡናማ፣ ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር ያለው፣ እንጨት የሚመስል ነገር። ጠጋ ብላችሁ በጣት ኳ ኳ ብታደርጉት ባዶ ባዶ ይላል። እሱ ነው ዎል ፓነል።

ባጭሩ የግድግዳ ልብስ ነው። ልስኑ አልቆ ቀለም ሊቀባ በነበረበት ቦታ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ሉህ ወይም ሳንቃ ይለጠፋል። ቤቱን አይሸከምም፤ ብታነሱትም የሚወድቅ ነገር የለም። ሐሳቡ የቆየ ነው። አውሮፓውያን የድንጋይ ቤታቸው ብርድ ሲያንዘፈዝፋቸው ግድግዳውን በእንጨት ሳንቃ ይሸፍኑ ነበር። እኛስ ብንሆን? ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ኮርኒሱ አቡጀዴ፣ ግድግዳው ጋዜጣ።

ዛሬ መርካቶ ወርዳችሁ «ዎል ፓነል አለ?» ብትሉ ሻጩ «የቱ?» ይላችኋል። ያ መስመር መስመሩ ፍሉትድ ይባላል። ብዙው ሰጋቱራና ፕላስቲክ ተደባልቆ የተሠራ ስለሆነ «እንጨት ነው» ሲሏችሁ ግማሹን ብቻ እመኑ። እብነ በረድ መስሎ የሚያብረቀርቀው ሰፊ ሉህ ፒቪሲ ማርብል ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ። ኤምዲኤፍም አለ፣ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ ነው፤ አናጺ እንደፈለገ ይቆርጠዋል፣ ቀለምም ይቀበላል፣ ውሃ ከነካው ግን እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ያለው የእንጨት ዘንግ ደግሞ «ድምፅ ያፍናል» ተብሎ ይሸጣል። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። የጎረቤት ሙዚቃ ግን አያስቀርላችሁም።

ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። የምታለብሱት ቦታ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.60 ይሁን። አንዱ ፍሉትድ ወርዱ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2.90 ቢሆን፣ በካሬ ያሰላ ሰው «12 ይበቃኛል» ብሎ ይገዛና አንድ ይጎድልበታል። ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይወድቃል፣ ቁርጥራጩም ለምንም አይሆንም። የሚያስፈልገው 13 ነው። ስለዚህ በካሬ ሳይሆን በወርድ ቁጠሩ። ፒቪሲ ማርብል ደግሞ ብዙው 1.22 በ2.44 ስለሆነ ለዚሁ ግድግዳ 16 ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል። ቁራጭ ሲቀጠልበት የእብነ በረዱ ሥር አይገጥምም፣ ያኔ ፕላስቲክነቱ ይጋለጣል። ረዘም ያለውን ጠይቁ፣ ካልሆነም ከግድግዳው ግርጌ የሚዞረውን ዞኮሎ ከፍ አድርጉት።

የራሴን ልንገራችሁ። አንዱ የሳሎናችን ግድግዳ ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ነው። ከታች ቀለሙ እየተላጠ፣ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር እያወጣ አስቸገረኝ። «ምን አጨቃጨቀኝ» አልኩና ፒቪሲ ማርብል ለጠፍኩበት። ለጥቂት ወራት አማረ፣ የመጣው ሰው ሁሉ «እብነ በረድ ነው?» እያለ ይዳብሰዋል። ከዚያ ሽታ መጣ። ምንጣፍ አጠብን፣ ሶፋ አነሳን፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ሉሁ በአንድ ጥጉ ተላቆ ስንገልጠው ጀርባው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ቧንቧው ለካ ውስጥ ውስጡን ያፈሳል። ፓነሉ ደበቀልኝ እንጂ ውሃውን አላቆመውም። እንዲህ ያለ ግድግዳ ካላችሁ መጀመሪያ የሚጠራው ቧንቧ ሠሪ ነው፣ ቀጥሎ ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ፓነል ከዚያ በኋላ።

ኤሌክትሪሻኑም ቀድሞ ሥራውን ይጨርስ፤ ሶኬት የተረሳ እንደሆነ የተለጠፈውን መንቀል ነው። ቲቪውን የሚይዘው ፊሸር፣ ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ ማለት ነው፣ ብሎኬቱ ድረስ ይግባ፣ ፓነሉ ራሱ ቲቪ አይችልም። ግድግዳው ጎርባጣ ከሆነ ሙጫ ብቻውን አይበቃም፣ ሞራሌ የሚባለው የእንጨት ዘንግ በውሃ ልክ ተመትቶ ፓነሉ በላዩ ላይ ይታሰራል። ወጥ ቤት ውስጥ ፒቪሲውን ከምድጃና ከምጣድ አርቁት፤ ሙቀት ያጣምመዋል።

አራቱንም ግድግዳ ማልበስ ግን እኔ አልወድም። ጠባብ ሳሎን ዙሪያውን ጥቁር ቡናማ ሲሆን በቀን መብራት ማብራት ነው፣ ደግሞም የሆቴል እንግዳ መቀበያ ይመስላል። አንድ ግድግዳ ይበቃል፣ እሱም ከበር ስትገቡ ፊት ለፊት የሚታየው። አቧራውንም አስቡበት፣ በየመስመሩ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እናቴ ከቲቪው ጀርባ ያስገጠምኩትን ፍሉትድ ስታይ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «ይሄን ማን ሊወለውለው ነው?» እስካሁን የቀለም ብሩሽ ይዤ የምወለውለው እኔ ነኝ።