ድሬጂንግ ምንድን ነው? ወንዝ ሲጠረግ መርከብ እንዴት ያልፋል፣ የትስ ይቆማል?

የእህቴ ልጅ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ባሕር ዳር ተምሮ የወጣ የመርከብ መሐንዲስ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ደወለ።

"ዛሬስ የት ደረሳችሁ?" አለችው።

"ቆመናል እማ። አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ነን። ፊት ለፊታችን ድሬጂንግ አለ፣ ተራ እየጠበቅን ነው።"

ኔትወርኩ እዚያ ላይ ተቆረጠ። እህቴ ስኒዋን አስቀመጠች። መርከብ ወንዝ ላይ ምን ይሠራል? ቆመናል ማለትስ ተበላሽቶባቸው ይሆን? ሁለተኛውን ቡና ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ። "አብሽሪ እትዬ" አልኳት። ግን "አብሽሪ" ብቻውን የእናትን ልብ አያሳርፍም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። እዚህ የምጽፈውም ያንኑ ነው። በወሎ ዛሬ ልጁ ወይም ወንድሙ መርከብ ላይ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም፤ "ቆመናል" የሚል ስልክ ሲመጣ የሚደነግጠውም እህቴ ብቻ አትመስለኝም።

ከደለሉ እንጀምር። ነሐሴ ላይ ቦርከና ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ድሬጂንግን ግማሽ ያህል ያውቀዋል። ውሃው ቡና በወተት መስሎ ይወርዳል። ከደሴ ተራሮች ያጠበውን አፈር ይዞ በዶሮ መዝለያ በኩል ሲመጣ ጉልበት አለው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። ሲደክም የተሸከመውን ያራግፋል። ክረምቱ ሲወጣ ዳር ዳሩን የምናየው አሸዋና ጭቃ ያ ነው። ትልልቆቹ ወንዞችም እንዲሁ ናቸው። ልዩነቱ እነሱ ላይ መርከብ ይሄዳል። ሚሲሲፒ በጎርፉ ወራት የሚያመጣው ደለል ባሕሩ አፍ አካባቢ፣ ሳውዝዌስት ፓስ የሚባለው መውጫ ላይ ይከመራል። ትናንት መርከብ ያሳለፈ ጥልቀት በሳምንታት ውስጥ ሊሞላ ይችላል። ያንን ደለል በመሣሪያ እያወጡ የመርከቡን መንገድ ጥልቀት መጠበቅ ነው ድሬጂንግ ማለት። ሥራውን የሚሠራው መርከብ ድሬጀር ይባላል።

ወንዝና መርከብ ለእኛም አገር እንግዳ አይደሉም። በባሮ ወንዝ፣ ክረምት ውሃው ሲሞላ፣ ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር። ውሃው ሲጎድል ደግሞ መንገዱ ይዘጋ ነበር።

ድሬጀር ሁለት ዋና ዓይነት አለው ብላችሁ ያዙት። አንዱ እየሄደ የሚሠራ ነው። ረጅም ቱቦውን ወደ ታች አውርዶ ደለሉን እየመጠጠ ሆዱ ውስጥ ይጭናል፣ ሲሞላ ወስዶ ይደፋል። ሌላው ቆሞ የሚሠራ ነው። የብረት እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ፣ በሁለት ወገን በተወጠሩ ገመዶች እየተሳበ፣ ከፊት ባለው መቁረጫ ግራና ቀኝ ያርሳል። የወጣው ጭቃ ውሃው ላይ በተንሳፈፈ ረጅም ቱቦ ወደ ዳር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር መርከብ የስዊዝ ቦይን በዘጋች ጊዜ ዜናውን የተከታተለ ሰው የቆመውን ዓይነት ያስታውሰዋል። ማሽሁር የተባለው ድሬጀር ከአፍንጫዋ ሥር 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ አውጥቶ ነው ከጎታች ጀልባዎቹ ጋር ያስለቀቃት።

ለትራፊኩ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። የሚሄደው ድሬጀር በሬዲዮ ከተነገረው ወደ ዳር ጠጋ ማለት ይችላል። የቆመው አይችልም። ገመዶቹን አላልቶ ወንዙ ወለል ላይ ማስተኛት አለበት፣ ቱቦውን መክፈት አለበት። ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። አላፊው መርከብ ቀደም ብሎ ካልተናገረ ሁለቱም ይቸገራሉ።

እዚህ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን መንገድ አስቡ። መንገዱ ሲጠገን አንዱ መስመር ይዘጋል። ባለ ባንዲራው ከላይ የሚመጣውን አስቁሞ ከታች የሚመጣውን ያሳልፋል፣ ከዚያ ያዞራል። ወንዝ ላይም መንገዱ ስለሚጠብ ብዙ ጊዜ በተራ ነው የሚታለፈው። ባለ ባንዲራው ግን ሰው ሳይሆን ሬዲዮ ነው። የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ለመርከበኞች በሚወጣ ማስታወቂያ አስቀድሞ ይነገራል። ትላልቅ ወደቦች ላይ ደግሞ የብስ ላይ ሆኖ ሁሉንም መርከብ በራዳር የሚከታተል ማዕከል አለ። መርከቡ ውስጥም ከካፒቴኑ ጎን ፓይለት ይቆማል። ፓይለት ያንን ወንዝ እንደ ቤቱ ጓሮ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው። ሚሲሲፒ ላይ ከባሕር ተነስቶ ሽቅብ ባተን ሩዥ የምትባለው የወደብ ከተማ ለመድረስ ሦስት ፓይለቶች ይቀባበላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ብቻ ይመራል።

ከሐረጎ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፣ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው ሽቅብ የሚወጣው መኪና ነው። ሚሲሲፒ ላይ ግን ቅድሚያው ለሚወርደው ነው። ውሃው ከኋላ እየገፋው የሚመጣ መርከብ በቀላሉ አይቆምም። መሪውም የሚሠራው ውሃ ሲያልፍበት ስለሆነ ፍጥነቱን በጣም ከቀነሰ መታዘዙን ይተዋል። ሽቅብ የሚወጣው ግን አፍንጫውን ለውሃው ሰጥቶ፣ ሞተሩን በቀስታ እያሠራ ባለበት መርጋት ይችላል። ስለዚህ እሱ ይጠብቃል። የእህቴ ልጅ መርከብም ሽቅብ ወጪ ነበረች።

መርከብ ፍሬን የለውም። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ባወጣው መለኪያ፣ መርከብ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ወደኋላ አዙሮ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ከራሱ ርዝመት 15 እጥፍ መብለጥ የለበትም። 180 ሜትር ለሆነ መርከብ ይህ 2,700 ሜትር ነው። ጥብቅ የተባለው መለኪያ ይኸው ነው እንግዲህ! ድሬጀሩን በዓይን ካዩ በኋላ ማሰብ መጀመር ዘግይቷል።

ሬዲዮ ባይሰማ እንኳ ድሬጀሩ ላይ ምልክት አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ነው ያስቀመጠው። ሌሊት ከላይ ወደ ታች ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ መብራት ካያችሁ ያ መርከብ እንደልቡ መንቀሳቀስ አይችልም ማለት ነው። ከዚያ ጎኖቹን ታያላችሁ። ሁለት ቀይ የበራበት ወገን ገመድ ወይም ቱቦ ያለበት ነው፤ በዚያ አይታለፍም። ሁለት አረንጓዴ የበራበት ማለፊያው ነው። ቀን ደግሞ በመብራቱ ፋንታ ጥቁር ቅርጾች ይሰቀላሉ፦ ክብ ለተከለከለው፣ ባለ አራት ማዕዘን ሹል ለሚታለፈው። ቋንቋው ምንም ቢሆን መርከበኛ ሁሉ ያነበዋል።

ማለፍ ሲፈቀድ ደግሞ ቀስ ማለት ግድ ነው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የመርከቡ ማዕበል ቱቦውን ሊበጥስ፣ እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች ሊጥል ይችላል። ሁለተኛው የማይታይ ነው። መርከብ ጥልቀቱ ባነሰ ውሃ ላይ ሲፈጥን ወደ ታች ይሰምጣል። ከሥሩ በጠባቡ የሚያልፈው ውሃ ስለሚፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ መርከቡም ዝቅ ይላል።

ለእህቴ በወረቀት ላይ አሰላሁላት። ባሕር ላይ 12 ሜትር ውሃ ውስጥ የሚገባ ጭነት መርከብ እንውሰድ። ወንዝ ሲገባ ውሃው ጨው ስለሌለው 25 ሴንቲሜትር ያህል ይጨምራል። በጠባብ መንገድ ላይ በ10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በተለመደው ግምታዊ ስሌት 1.6 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ድምሩ 13.85። ወንዙ 14 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ከሥሩ የቀረው 15 ሴንቲሜትር ነው፣ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንስስ? የሚወርደው 40 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ግማሽ ፍጥነት፣ ሩብ መስመጥ። ከሥሩ 1.35 ሜትር ተረፈው ማለት ነው። እህቴ ወረቀቱን ወስዳ ደጋግማ አየችው። "እንግዲያ ቀስ ይበሉ" አለች።

አሁን ወደ መቆሙ። እሷን ያስጨነቃትም እሱ ነበር።

መርከብ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ መልህቅ ጥሎ ነው። ግን ደስ ባለው ቦታ አይጥልም። ደንቡ ራሱ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በተቻለ መጠን መልህቅ እንዳይጣል ይላል። ለዚህ የተለየ ስፍራ ካርታ ላይ ተከልሎ ይሰጣል። ለምን ቢባል፣ ችካል ላይ የታሰረ በሬ አይታችኋል አይደል? ገመዱ በፈቀደለት ዙሪያ ሁሉ ይዞራል። መርከብም መልህቁ ላይ እንዲሁ ነው። የመልህቅ ሰንሰለት በ27.5 ሜትር ልክ ይቆጠራል። አምስት ልክ ከተለቀቀ 137.5 ሜትር ነው። የመርከቡን 180 ሜትር ጨምሩበት። ነፋሱ ወይም ማዕበሉ ካዞረው ከ600 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ይጠርጋል። ወንዝ ላይ ውሃው አንድ ወገን ስለሚገፋው አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ይረጋል፤ ቢሆንም ጅራቱ ግራና ቀኝ ይላል፣ ወደ ድሬጀሩም ወደ አላፊውም ሊጠጋ ይችላል።

ሰንሰለቱ ለምን ይህን ያህል ይረዝማል? የውሃው ጥልቀት 15 ሜትር ቢሆን አምስት ልክ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው። ብዙ ሰው መርከቡን የሚይዘው የመልህቁ ክብደት ይመስለዋል። እኔም ልጁ እስኪነግረኝ ድረስ እንዲያ ነበር የማስበው። የሚይዘው ግን ጥርሱ መሬት ውስጥ ሲገባና ወለሉ ላይ የተኛው ሰንሰለት አግድም ሲስበው ነው። ሰንሰለቱ ካጠረ ስበቱ ወደ ላይ ይሆናል። ማረሻ ሲጫኑት መሬት እንደሚይዝ፣ ሲያነሱት እንደሚለቅ ማለት ነው።

ድሬጂንግ ባለበት አካባቢ ደግሞ ወለሉ ላይ ሌላ ነገር አለ። የድሬጀሩ ገመድ፣ የጋዝ ቧንቧ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ኬብል። መልህቅ እነዚህን ቢነቅል ጉዳቱ ብዙ ቤት ይደርሳል። ታዲያ መልህቁ እስከ ተፈቀደው ስፍራ ድረስ ተቆልፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ጠባብ ቦታ ሲታለፍ አፍንጫው ላይ ሰው ቆሞ መልህቁ ለመጣል ተዘጋጅቶ ነው የሚኬደው። ሞተር ድንገት ቢጠፋ የመጨረሻው መያዣ እሱ ነው።

ከተጣለም በኋላ አይተኛም። በጎርፉ ጊዜ ሚሲሲፒ ላይ ሁለቱንም መልህቅ መጣል የተለመደ ነው። የተረኛው ሰው ዳር ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር መርጦ አቅጣጫውን ይለካል፣ ጂፒኤሱንና ራዳሩን ያያል። አንዱ ደግሞ አፍንጫው ላይ ሄዶ ሰንሰለቱን ያዳምጣል። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ላላ፣ እንደገና ተወጥሮ ላላ ካለና ከተንቀጠቀጠ መልህቁ መሬቱን እየለቀቀ ነው። ያኔ የሚያድነው ሞተሩ ነው፣ ቶሎ መነሳት አለበት። ሞተሩን ዝግጁ አድርጎ የሚጠብቀው ደግሞ የእኛ ልጅ ነው። "ቆመናል" ሲል እሱ ታች ሞቃቱ ክፍል ውስጥ፣ የዘይቱን ሙቀት እያየ ነቅቶ ነው ያለው። ይህንን ስነግራት እህቴ ዝም አለች። ከዚያ ሦስተኛውን ቡና ቀዳች።

ያ ወንዝ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ወደ ውጭ የምትልከው እህል ብዙው የሚጫነው ከታችኛው ሚሲሲፒ ነው። ጅቡቲ የሚራገፍ ስንዴ ከዚያ ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ እዚህ የሚደርሰው መኪና ደረቅ ወደባችን በር ላይ አቧራውን ለብሶ ሲሰለፍ እናየዋለን። የመኪናውን ሰልፍ እናውቀዋለን። የመርከቡ ሰልፍ ግን ከዚያ በፊት ነበር።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ ደወለ።

"ተራችን ደረሰ እማ። ልንነሳ ነው።"

"መልህቁን አነሳችሁት?"

"ሁለቱንም። ጭቃውን በውሃ እያጠቡት ነው።" ስልኩን ሲዘጋ ፎቶ ላከ። ሰንሰለቱ ከወንዙ እየወጣ ነው፤ ከላይ በቱቦ ውሃ ይረጩበታል፤ ወፍራም ቡናማ ጭቃ ከየቀለበቱ ይንጠባጠባል። እህቴ በጣቷ አጉልታ አየችው።

"ይሄማ የቦርከና ጭቃ ነው" አለች።