«ፈርሞልናል፣ አለቀ»፦ ስለ ስፖርተኞች የግል መረጃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሰፈራችንን የታዳጊ ቡድን ወረቀት የምይዘው እኔ ነኝ። ለውድድር ምዝገባ ብዬ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት አንድ በአንድ በስልኬ አነሳሁና የቡድኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ግሩፑ ውስጥ ወላጅ አለ፣ ደጋፊ አለ፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቅ ሰውም አለ። ማታ አንዲት እናት ደወሉ። «የልጄን የትውልድ ቀን፣ የእኔንና የአባቱን ስም ማን ማን አየው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

«ሕጉ ለባንክና ለቴሌ ነው»

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን የሰው መረጃ ሰብስቦ የሚይዘውን ሁሉ ይመለከታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስልክህ ላይ ያለው የጓደኞችህ ቁጥር የግል ጉዳይህ ነው፣ ሕጉ አይነካውም። የቡድን መዝገብ ግን የግል ጉዳይ አይደለም፣ ምንም ያህል እንደ ቤተሰብ ብንዋደድ።

«አባላችን ስለሆነ ለስፖንሰር ብንሰጠው ምን አለበት?»

የኔዘርላንድስ ቴኒስ ፌዴሬሽንም እንዲህ አስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የብዙ መቶ ሺህ አባላቱን መረጃ ለሁለት ስፖንሰሮች ሸጠ። አስቡት፤ ሰውየው የተመዘገበው ቴኒስ ሊጫወት ነው። ቤቱ ቁጭ ባለበት ግን የማያውቀው ድርጅት ማስታወቂያ ይልክለታል፣ ስልክ ይደውልለታል። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቋም ፌዴሬሽኑን 525,000 ዩሮ ቀጣው። ፌዴሬሽኑ «ገቢ ማግኘት ሕጋዊ ጥቅሜ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጉዳዩም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ።

ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የሰጠው መልስ ደስ ይላል። የንግድ ጥቅም ራሱ ነውር አይደለም አለ። ግን መረጃውን ማሳለፉ የግድ የሚያስፈልግ መሆን አለበት፤ አባላቱን አስቀድሞ መጠየቅ እየተቻለ ደግሞ የግድ ነበር ማለት ይከብዳል። ጉዳዩ ያን ያህል ቀላል ነበር፦ መጠየቅ።

«ፈርሟል፣ አለቀ»

አላለቀም። ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ ይችላል። ለጨዋታ ምዝገባ የሰጠው ፊርማም ለማስታወቂያ አያገለግልም። በሌላ በኩል ደግሞ ለሁሉም ነገር ፊርማ ማስፈረምም ከንቱ ድካም ነው። ክለብ ለተጫዋቹ ደመወዝ ለመክፈል የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ቢይዝ ውሉ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

«ታዋቂ ስለሆነ ጉዳቱን ማወቅ መብታችን ነው»

ይሄኛው የብዙ ደጋፊ፣ እውነቱን ለመናገር የእኔም በሽታ ነው። አንድ አጥቂ ካልተሰለፈ «ምን ሆኖ ነው?» ሳንል አናድርም። የጤና መረጃ ግን ሕጉ ጥብቅ መረጃ ከሚላቸው፣ ማለትም ከሌላው የበለጠ ጥበቃ ከሚያደርግላቸው፣ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከሪዮ ኦሎምፒክ በኋላ፣ ሰርጎ ገቦች የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲን ዳታ ሰርቀው አትሌቶች በሐኪም ትእዛዝ እንዲወስዱ የተፈቀደላቸውን መድኃኒት አደባባይ አወጡት። አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሞን ባይልስ አንዷ ነበረች። ደንብ አልጣሰችም፤ የራሷን የሕክምና ጉዳይ ግን ለዓለም ማስረዳት ግድ ሆነባት።

«እንግዲያው የጨዋታ ፎቶም መለጠፍ ክልክል ነው»

ኧረ አይደለም። አሰላለፍ፣ ማልያ ቁጥር፣ ማን ጎል እንዳገባ የጨዋታው አካል ነው። የልደት ሰርተፊኬት ግን ለመዝጋቢው እንጂ ለደጋፊ ምን ይሠራል? ልጆች ሲሆኑ ደግሞ ለፎቶውም ወላጅን መጠየቅ ይሻላል።

«ተሳስቼ ብለቀውም አጠፋዋለሁ»

መረጃ አፈትልኮ ሲወጣ ሕጉ ሰዓት ይቆጥራል፤ በእኛም አዋጅ በአውሮፓም ሕግ ለተቆጣጣሪው ለማሳወቅ የተሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ነው። እኔ ፎቶዎቹን በዚያው ማታ ከግሩፑ አጠፋኋቸው። እናትየው መልሰው ደወሉ። «ያወረዱትስ?» አሉኝ።