ለወላጅ የሚገዛ ሜዲካል አለርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ያለን ልጆች ወላጆቻችንን ካስመጣን በኋላ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ትተናቸው ሥራ እንውላለን፤ ሁለት ሥራ ያለው ደግሞ ሌሊቱንም ይጨምራል። እናት ወይም አባት ወድቀው መነሳት ቢያቅታቸው የሚደርስላቸው የለም። ለዚህ የሚሆነው ሜዲካል አለርት የሚባለው መሣሪያ ነው። በአንገት ይንጠለጠላል ወይም እንደ ሰዓት በእጅ ይታሰራል፤ ላዩ ላይ ያለው በተን (መጫኛ ቁልፍ) ሲጫን ሌት ተቀን ሰው ካለበት የጥሪ ማዕከል ጋር በድምፅ ያገናኛል። ስለ መሣሪያው በማኅበርም በለቅሶ ቤትም ሲወራ ከምሰማው ብዙው ትክክል ስላልሆነ፣ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ አንድ በአንድ ላስረዳ።

«እናቴ ገና ጠንካራ ናቸው፤ ሲያስፈልግ እንገዛለን»

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ 4 ሰዎች ቢያንስ አንዱ በየዓመቱ ይወድቃል። ለሐኪም የሚናገሩት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ ዳግም የመውደቅ ዕድሉ በእጥፍ ይጨምራል። የእኛ ወላጆች «ልጆቼን አላስጨንቅም» ብለው መደበቅ ያውቁበታል። ስለዚህ «ወድቀው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ግድግዳ ይዘው መሄድ ጀምረው እንደሆነ፣ ደረጃ መውረድ ትተው እንደሆነ፣ ክንዳቸው ላይ የበለዘ ነገር ካለ ተመልከቱ።

አደጋው የአጥንት ስብራት ብቻ አይደለም። ለሰዓታት ወለል ላይ የተኛ አረጋዊ የሰውነቱ ውኃ ያልቃል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ብርድ ይመታዋል፤ የተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገርም ኩላሊትን ይጎዳል። አጥንት ሳይሰበር ሰው ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው መውደቅን አያስቀርም፤ የሚያሳጥረው ወለል ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ነው።

«ስልክ አላቸው፤ ይደውላሉ»

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የወደቀ ሰው ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ላይ ነው። አጠገቡ ቢሆንም እንኳ እጁ የተሰበረ ሰው ስልክ ከፍቶ ቁጥር መፈለግ አይችልም። ዘመናዊ ሰዓት የለመዱ አባት ካሏችሁ አፕል ዋች ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ከ2018ቱ ሲሪስ 4 ጀምሮ ኃይለኛ አወዳደቅን ለይቶ፣ ሰውየው ካልተንቀሳቀሰ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ይደውላል። ግን በየቀኑ ቻርጅ ማድረግ ይፈልጋል። ይህን ለማይለምዱ እናት አይሆንም።

«ገዝተን ሰጠናቸው፤ ከዚህ በኋላ ሐሳብ የለም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በእንግሊዟ ካምብሪጅ ዕድሜያቸው ከ90 በላይ የሆኑ ሰዎችን የተከታተለና በ2008 የታተመ ጥናት የጥሪ መሣሪያው በብዙዎቹ ዘንድ እንደነበረ አሳይቷል። ወድቀው ወለል ላይ ረጅም ጊዜ በቆዩባቸው አብዛኞቹ አጋጣሚዎች ግን አልተጠቀሙበትም።

ለምን? መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ወይም አንገታቸው ላይ አለ፤ ግን ሰው ማስቸገር አልፈለጉም። «ለዚች ነገር አምቡላንስ ልጥራ?» ይላሉ። ስለዚህ ገና ሳትገዙ ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። በተኑ ሲጫን አምቡላንስ ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ ሰው ያነጋግራቸዋል፤ ቀላል ከሆነ ለልጅ ወይም ለጎረቤት ይደወላል፤ ከባድ ከሆነ ብቻ አምቡላንስ ይላካል። በስህተት ቢጫኑትም «ደህና ነኝ» ማለት ይበቃል፤ ማንም አይቆጣቸውም።

ምርጫውንም ለእነሱ ተዉት። ማተብና መስቀል ባለበት አንገት ላይ ሌላ ነገር ማንጠልጠል የማይወዱ እናቶች አሉ፤ ለእነሱ የእጁ ይሻላል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱም ሆነ ገላቸውን ሲታጠቡ መሣሪያው ከላያቸው መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ ስትገዙ ውኃ የማያስገባ መሆኑን አረጋግጡ። እርጥብ ወለል ላይ ሲቆሙ አውልቀው የሚያስቀምጡት መሣሪያ ምን ይጠቅማቸዋል? ከዚያ አብራችሁ ተለማመዱ። እናንተ ባላችሁበት እሳቸው ራሳቸው ይጫኑት፤ የሚመልሰውን ድምፅ ይስሙ፤ ይነጋገሩ። አንዴ ያነጋገሩትን ሰው በጭንቅ ሰዓት መጥራት አይከብዳቸውም።

«እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አይጠቅማቸውም»

ብዙ የጥሪ ማዕከሎች በስልክ የሚገቡ አስተርጓሚዎችን ይጠቀማሉ። «ብዙ ቋንቋ አለን» የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ ግን አትመኑ። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አማርኛ አለ ወይ? አስተርጓሚው እስኪገባ ምን ያህል ይቆያል? ደዋዩ ካልመለሰ ወይም ንግግሩ ካልገባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ «ለቤተሰብ እንደውላለን፤ ካላገኘን እርዳታ እንልካለን» የሚል ግልጽ መልስ ካልሰጧችሁ ሌላ ፈልጉ። መዝገባቸው ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸውን አስጽፉ። ወላጃችሁ በደህና ቀን አማርኛ ቢናገሩም ሲጨንቃቸው የሚቀናቸው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ፣ የሚጻፈው ያ ነው።

911 ቢደውሉም እንዲሁ ነው። «አምሃሪክ» የምትለዋን አንድ ቃል ማወቅ አስተርጓሚ ለመጠየቅ ትበቃቸዋለች። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

«መውደቅን በራሱ ስለሚለይ መጫን አያስፈልግም»

በወር 10 ዶላር ገደማ ተጨማሪ የሚያስከፍለው ይህ አገልግሎት ጥሩ ነው፤ በተለይ ራሱን ሊስት ለሚችል ሰው። ነገር ግን ከአልጋ ወይም ከወንበር ቀስ ብሎ የተንሸራተተን ሰው ላይለይ ይችላል። ሳይወድቁም አንዳንዴ ይጮኻል። መጫን የሚችል ሰው መጫኑን መልመድ አለበት።

«ሜዲኬር ይከፍላል»

መደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን፣ አይከፍልም። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጡ አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖች ይሸፍናሉ። በብዙ ስቴቶች ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው የመንግሥት መድን ሜዲኬይድ፣ ቤታቸው ሆነው እንክብካቤ ለሚያገኙ ሰዎች ባለው ፕሮግራም በኩል ይከፍላል፤ ሶሻል ወርከራቸውን ጠይቁ። ከኪስ ሲከፈል አብዛኛው በወር ከ20 እስከ 50 ዶላር ነው። ለረጅም ጊዜ የሚያስር ውል አትፈርሙ።

«በነፃ ተገዝቶልዎታል» ከሚል የስልክ ጥሪ ወላጆቻችሁን ጠብቁ። በ2014 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የፍሎሪዳ ዐቃቤ ሕግ አረጋውያንን በዚሁ መንገድ ሲያታልሉ ነበር ያሏቸውን ኩባንያዎች ከስሰዋል። ለማንም ደዋይ የካርድ ቁጥር እንዳይሰጡ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

«አንዴ ከተገጠመ ይሠራል»

ከዘመድ የተላለፈ አሮጌ መሣሪያ አትቀበሉ። የአሜሪካ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች በ2022 3ጂ የሚባለውን የቀድሞ የሞባይል ኔትወርካቸውን ሲዘጉ በእሱ ብቻ የሚሠሩ መሣሪያዎች መደወል አቁመዋል፤ መብራታቸው ቢበራም ጥሪያቸው የትም አይደርስም።

በእኛ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ወላጅ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ልጅ ቤት መዘዋወሩ የተለመደ ነው፤ ክረምቱን ቨርጂኒያ ሴት ልጃቸው ጋ፣ በጋውን ሚኒሶታ ወንድ ልጃቸው ጋ። ቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራው ዓይነት አምቡላንስ የሚልከው መዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። በተዘዋወሩ ቁጥር ያን ቀን ደውላችሁ አስቀይሩ፤ ወይም ቤተ ክርስቲያንም ሲሄዱ አብሯቸው የሚሄደውን፣ ያሉበትን ቦታ በጂፒኤስ የሚያሳውቀውን ዓይነት ግዙ። የመግቢያ በሩን ነገር ደግሞ አስቡበት። ከውስጥ ተቆልፎ ከሆነ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰብረው ነው የሚገቡት፤ በሩ አጠገብ በቁጥር የሚከፈት የቁልፍ ሳጥን አድርጋችሁ ቁጥሩን ለጥሪ ማዕከሉ አስመዝግቡ። በወር አንድ ቀን ደግሞ፣ ለምሳሌ ደሞዝ በገባ ቁጥር፣ እናታችሁ በተኑን ተጭነው ይሞክሩት።