«ኮንቴይነሩ የኔ አይደለም እንዴ?» እና ስለ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚወሩ ሌሎች ስህተቶች

ደሴ ሻይ ልጠጣ ብቀመጥ፣ ኮምቦልቻ ሰርግ ብጠራ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ መሆኔን የሚያውቅ ሰው «ያ ወደባችሁ ገደለን» ሳይለኝ አይለቀኝም። ደረቅ ወደቡ፣ ማለትም ከባሕር የመጣ ኮንቴይነር የጉምሩክ ሥራው የሚያልቅበት የየብስ ግቢ፣ የኔ አይደለም። የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው፤ ቀረጡን የሚሰበስበው ጉምሩክ ነው፤ እኔ በሁለቱ መሃል ሰነድ ይዤ የምሮጥ ነኝ። ሩጫው እንጀራዬ ስለሆነ አያማርረኝም። የሚያማርረኝ አንድ ዓይነት ስህተት በየሳምንቱ ከተለያየ አፍ መስማቴ ነው።

«እቃው አዲስ አበባ ደርሶ ነው የሚመለሰው።» አይደለም። ከጂቡቲ በጋላፊ ይገባል፣ ሚሌ ሲደርስ ወደ አዋሽ የሚወርደውን መንገድ ትቶ በባቲ በኩል ሽቅብ ኮምቦልቻ ይወጣል። እቃችሁ በአዲስ አበባ መስመር ባለው የሞጆ ደረቅ ወደብ ተገኘ ማለት ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ ሞጆ ተጽፏል ማለት ነው። የመጨረሻ መድረሻው ኮምቦልቻ እንዲባል ለላኪያችሁ የምትነግሩት እቃው ከመጫኑ በፊት ነው። መርከቡ ከተነሳ በኋላ ማስቀየር ደብዳቤ፣ ምልልስና ገንዘብ ነው።

«ኮምቦልቻ ቀረጥ ይቀንሳል።» ታሪፉ ሞጆም፣ ሰመራም፣ ድሬዳዋም ያው ነው። ለደሴና ለወልዲያ ነጋዴ የሚቀንሰው ከሞጆ ወደዚህ የሚከፍለው የመኪና ኪራይ ነው።

«ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ብቻ የተሠራ ነው።» ፓርኩ ሌላ፣ ወደቡ ሌላ። የአስመጪነት ፈቃድ ያለው ሁሉ ይገለገልበታል።

«ከጦርነቱ ወዲህ ተዘግቷል።» ይህንን ደግሞ ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ሲናገረው ሰምቼ አውቃለሁ። ክፍት ነው።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልግባ። ብዙ ሰው ኮንቴይነሩ ከእቃው ጋር ተገዝቶ የመጣ ይመስለዋል። እንዲህ ማሰቡ አይገርመኝም፤ በከተማችን ጎዳና ሁሉ ሱቅ የሆነ፣ ምግብ ቤት የሆነ፣ የጥበቃ ቤት የሆነ ኮንቴይነር ተደርድሮ እያየ ነው ያደገው። ግን አይደለም። ኮንቴይነሩ ባለቤት አለው። ቀና ብላችሁ በሩን እዩ፦ አራት ፊደል፣ ቀጥሎ ስድስት አኃዝ፣ ከዚያ በትንሽ ሳጥን የተከበበች አንዲት አኃዝ አለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የባለቤቱ መለያ ናቸው። በሳጥን ውስጥ ያለችው አኃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ናት፤ ሰነድ ላይ ስትገለብጡ አንድ ቁጥር ብትሳሳቱ ስሌቱ አይገጥምም፣ ስህተቱም ይታወቃል።

ባለቤት ስላለው ሁለት ሂሳብ ጎን ለጎን ይቆጠራል፣ ሰው ግን አንድ አድርጎ ይሰማዋል። አንዱ የማከማቻ ነው፤ እቃው ወደቡ ግቢ ውስጥ ለያዘው ቦታ የሚከፈል፣ እቃው ሲወጣ የሚያበቃ። ሌላው ዲመሬጅ የምንለው ነው፤ የተፈቀደው ነፃ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለኮንቴይነሩ ባለቤት የሚከፈል። ይኸኛው እቃው ከወደብ ሲወጣ አይቆምም። የሚቆመው ባዶው ኮንቴይነር ተጠርጎ፣ ሳይጎዳ፣ መልሱ በተባለበት ቦታ ሲመለስና ርክክቡ ሲፈረም ነው። በአብዛኛው እሁድም በዓልም ይቆጠራል። ነፃው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፤ እንደ ውሉ ይለያያል፣ ውሉን የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ።

ሸዋ በር አካባቢ ሴራሚክ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ደንበኛዬ አሉ። የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ገንዘብ አያጓድሉም። እቃቸው ወጥቶ ኮንቴይነሩ በተሳቢ ደሴ ግቢያቸው ወረደላቸው። እደውላለሁ፦ «ሐጂ፣ ባዶውን መቼ ይልኩልኛል?» «አብሽር ልጄ፣ የት ይሄዳል? ግቢዬ ውስጥ እኮ ነው ያለው!» ደግሜ ደወልኩ፣ ያው አብሽር ነው። በመጨረሻ ራሴ ሄድኩ። በያጅ ጠርተው የጎኑን ብረት በመስኮት ልክ አስቆርጠውታል። ከውስጥ መደርደሪያ ገብቷል፣ የሴራሚኩ ናሙና በየቀለሙ ተደርድሯል፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ መጋረጃ ተሰቅሏል። ቡና አፈሉልኝና «አላማረም?» አሉኝ። አምሯል። ግን የተጠራቀመው ዲመሬጅ ላይ የሳጥኑ ሙሉ ዋጋ ሲደመር ሱቁ በደሴ ውዱ ኪዮስክ ሆነ። «ወደቡ ዘረፈኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ። ወደቡ ከዚያ ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አልነካም።

ስለዚህ እቃ ከመውጣቱ በፊት የሚያራግፉላችሁን ልጆች ቅጠሩ፣ የማራገፊያ ቦታ አጽዱ፣ ከተሳቢው ባለቤት ጋር የመልሱንም ኪራይ ጨምራችሁ ተነጋገሩ። ኮንቴይነሩን ስትረከቡም ባዶውን ስትመልሱም አራቱንም ጎን፣ ጣሪያውንና ወለሉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የቆየ እብጠት በናንተ ስም የሚጻፈው ፎቶ ሳይኖራችሁ ሲቀር ነው። ቦታ ከሌላችሁ ደግሞ እዚያው ወደብ ውስጥ አስራግፋችሁ እቃውን በተራ መኪና ውሰዱ፤ ሳጥኑ ከግቢ ሳይወጣ ይቀራል።

«40 ጫማ የ20 ጫማን እጥፍ ይጭናል።» በስፋት አዎ፦ 20 ጫማው ወደ 33 ሜትር ኩብ፣ 40 ጫማው ወደ 67 ይይዛል። በክብደት ግን አይደለም። ሁለቱም ከነራሳቸው ክብደት በአብዛኛው 30 ቶን ግድም ላይ ይቆማሉ፣ ባለ 40ውም ራሱ ባዶውን ይከብዳል። ሶፋ፣ ፍራሽና የፕላስቲክ እቃ ለምታመጡ 40 ጫማ ያዋጣል። ሴራሚክና ብረታ ብረት የምታመጡ 40 ጫማ ከያዛችሁ ግን ግማሹ አየር ይሆናል፣ ለአየሩም ኪራይ ትከፍላላችሁ። የባቲን ዳገትና የመንገዱን የክብደት ሚዛን ደግሞ ሾፌሮቹን ጠይቁ።

«ባቡሩ ሲጀምር ሁሉም ይቃለላል።» የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር 392 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ግንባታውን በ2007 ዓ.ም. ጀመረ፣ ሐዲዱ ኮምቦልቻ ከደረሰም ቆየ፣ የንግድ ጭነት ግን አላየንም። ሥራ ቢጀምርም ካርታውን ተመልከቱ፦ ከጂቡቲ የሚነሳው ባቡር በድሬዳዋ አድርጎ አዋሽ ወርዶ ነው ወደ ሰሜን የሚዞረው። በሚሌና በባቲ የሚመጣው መኪና የሚያቋርጠው አቋራጭ ነው። ለብዙ ጭነት ባቡር ይረክሳል፣ አልክድም። የናንተን አንድ ኮንቴይነር ግን ከወረቀት አያድነውም።

ወረቀት ስል፣ «እቃው ኮምቦልቻ ገብቷል ተብያለሁ፣ ለምን ነገ አይወጣም?» የሚለው ጥያቄ አለ። መልቲሞዳል ማለት ከባሕር ማዶ ወደብ እስከ ኮምቦልቻ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነትና በአንድ የጉዞ ሰነድ መምጣት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 548 የቆመው ለዚሁ ነው። ጉምሩኩ የሚጀምረው እዚህ ሲደርስ ነው። አብዛኛው መዘግየት የሚፈጠረው ኦሪጅናል ሰነዱ ባንክ ተኝቶ፣ አስመጪው ቀሪ ሂሳቡን ሳይዘጋ ነው። ሌላው ፓኪንግ ሊስቱ (የእቃው የካርቶን ዝርዝር) ነው። «የተለያየ እቃ፣ 400 ካርቶን» ብሎ የሚልክላችሁን ሻጭ ዝም ካላችሁት ፍተሻ ላይ ካርቶን በካርቶን ይከፈታል፣ ቀኑም ይሄዳል። በየካርቶኑ ምን፣ ስንት፣ ስንት ኪሎ እንዳለ አስጽፉት።

እኔ ጋ ስትመጡ ኦሪጅናል ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የሥሪት አገር ማረጋገጫ፣ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የታደሰ የንግድ ፈቃድና ውክልና ይዛችሁ ኑ። በቴሌግራም የተላከ የደበዘዘ ፎቶ አሳይቶ «ይኸው አለ» የሚለኝ ሰው፣ እቃው የሱ፣ ዲመሬጁም የሱ ነው።