«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»፦ ትርጉሙና ትክክለኛ ቦታው

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከቤት ውስጥ ሥራ የተወሰደ ነው። ቆጥ ከወለል ከፍ ተደርጎ በእንጨት የሚሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሴትዮዋ አንድ ነገር በብብቷ ሸጉጣ ሳለች ዐይኗ ቆጡ ላይ ካለው ዕቃ ያርፋል፤ እሱን ለማውረድ ክንዷን ስታነሣ የሸጎጠችው ይወድቃል። የያዘችውን ማንም አልነጠቃትም፤ የጣለው ወደ ላይ የተዘረጋው የራሷ ክንድ ነው፤ የአባባሉ ብርታትም ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

በተለምዶ ግን ተጨማሪ ፈልጎ የነበረውን ባጣ ሰው ላይ ሁሉ ይተረታል፤ ይህ አጠቃቀም ተረቱን ያሳሳዋል ብዬ አምናለሁ። ተረቱ በትክክል የሚገባው የብብቱ ነገር ክንድ ካልተነሣ በቀር የማይወድቅ፣ የቆጡም ቢቀር የማይጎዳ ሲሆን ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያለውን የናቀ ሰው የሚነካ ተረት ሲሆን፣ ይኸኛው ግን ያለውን ባይንቅም ሳያስጠብቅ የተንጠራራውን ይወቅሳል። ይህን ልዩነት በቁጥር አፍታቶ የሚያሳይ መድረክ ቢፈለግ፣ ጄፐርዲ ከተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር የተሻለ አላገኘሁም።

በጄፐርዲ ሦስት ተወዳዳሪዎች ጥያቄ በመለሱ ቁጥር በዶላር የሚቆጠር ነጥብ ያከማቻሉ። በመጨረሻው ዙር፣ በፋይናል ጄፐርዲ፣ የጥያቄው ርዕሰ ጉዳይ ብቻ ይነገራቸውና እያንዳንዳቸው ካላቸው ነጥብ የፈለጉትን ያህል፣ ከዜሮ እስከ ሙሉው ድረስ፣ ተደብቀው ያስይዛሉ፤ ጥያቄው ከተነበበ በኋላ መልሱን የሚጽፉበት 30 ሰከንድ አላቸው። የመለሰ ያስያዘውን ይጨምራል፣ የሳተ ያጣል። ያከማቸውን ገንዘብ በሙሉ የሚወስደው አሸናፊው ብቻ ነው። መሪው የተከታዩን ነጥብ ከእጥፍ በላይ ከያዘ ምንም ሳያስይዝ ያሸንፋል፤ ከእጥፉ የሚተርፈውን ያህል አስይዞ ቢስትም በተከታዩ አይበለጥም። እንዲህ ያለው መሪ ከትርፉ አልፎ አስይዞ ከተሸነፈ የቆጡን ሲያወርድ የብብቱን የጣለ እሱ ነው፤ ተረቱ ያለ አንዳች ማሻሻያ ይገባዋል።

ኬን ጄኒንግስ ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 በተከታታይ 74 ጊዜ አሸንፎ 2,520,700 ዶላር ካገኘ በኋላ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2004 በተላለፈው ውድድር በናንሲ ዘርግ ተሸነፈ። ወደ መጨረሻው ዙር ሲገቡ እሱ 14,400፣ እሷ 10,000 ነበራቸው። ጄኒንግስ 5,601 አስያዘ። ጥያቄው ከ70,000 ወቅታዊ የቢሮ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ በዓመት አራት ወር ብቻ ስለሚሠሩበት ድርጅት ነበር። መልሱ የግብር ሰነድ አዘጋጁ ኤች ኤንድ አር ብሎክ ሲሆን ጄኒንግስ ፌድኤክስ ብሎ ጻፈ፤ ነጥቡም ወደ 8,799 ወረደ። ዘርግ 4,401 አስይዛ በትክክል በመመለሷ 14,401 ላይ ደረሰች።

ውጤቱን ብቻ ላየ ሰው ተረቱ አፉ ላይ ይመጣል፤ ስሌቱን ላየ ግን አይመጣም። ዘርግ ሙሉውን አስይዛ ብትመልስ 20,000 ይኖራት ነበር፤ ጄኒንግስ 5,601 አስይዞ ቢመልስ 20,001 ይኖረው ነበር። ማለትም ክንዱን ያነሣው እሷ ልትደርስበት ከምትችለው ከፍታ በአንድ ዶላር ብቻ ለመብለጥ ነው። ምንም ባያስይዝ ኖሮ 14,400 ላይ ይቀርና በዚያችው በአንድ ዶላር ይሸነፍ ነበር። በብብቱ የያዘው ዝም በማለት የሚጠበቅ አልነበረምና ተረቱን በዚህ ውርርድ ላይ መጥቀስ ፍርድ ማጣመም ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናይ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። በሁለተኛው ዙር ዴይሊ ደብል የሚባሉ፣ ያገኛቸው ተወዳዳሪ ብቻውን አስይዞ የሚመልሳቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ጄኒንግስ በዚያ ቀን ሁለቱንም አግኝቶ ሁለቱንም ስቶ በጠቅላላው 10,200 አጣ። ያ ገንዘብ በእጁ ቢቆይ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ፣ 24,600 ይዞ ከዘርግ እጥፍ በላይ በሆነ ነበር። እዚህ ላይ ተረቱን የሚያነሣ ሰው መሠረት አለው፤ በዴይሊ ደብል 5 ዶላር ብቻ ማስያዝም ይቻላልና። ይሁን እንጂ ክንዱን በማንሣቱ ያገኛቸው ድሎች ብዙ ስለሆኑ እኔ በበኩሌ በአንድ ቀን ውድቀት አልፈርድበትም።

ጄምስ ሆልዝሃወር ደግሞ በተቃራኒው ተወቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ ውድድር 131,816 ዶላር እስከማሸነፍ የደረሰው ይህ ደፋር ተወዳዳሪ፣ 32 ጊዜ ካሸነፈ በኋላ በ33ኛው ውድድሩ 23,400 ይዞ 1,399 ብቻ በማስያዙ ሆን ብሎ ለቀቀ ያሉት ነበሩ። ኤማ ቤትቸር በ26,600 ትመራ ነበር፤ ሦስተኛው ተወዳዳሪ 11,000 ነበረው። ሆልዝሃወር ቢስት እንኳ 22,001 ይቀረው ነበር፤ ይህም ሦስተኛው ሙሉውን አስይዞ ሊደርስበት ከሚችለው በአንድ ዶላር ይበልጣል። ቤትቸር ከሳተች ድሉ የእሱ ነበር። እሷ ግን 20,201 አስይዛ መለሰችና 46,801 ላይ ደረሰች። እሱም በትክክል መልሶ 24,799 ይዞ ጨረሰ፤ ያለውን 23,400 በሙሉ አስይዞ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ውጤቱ 46,800 ነበር።