በሆኪ «በስት» የሚባለው ምንድን ነው?

ድራፍት ሲባል የአዲስ አበባ ሰው አስቀድሞ የሚታየው አረፋው ከአፉ የሞላ የቢራ ብርጭቆ ነው። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ድራፍት ሌላ ነገር ነው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ የብሔራዊ ሆኪ ሊግ ክለቦች አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ወጣቶች በየተራ ይመርጣሉ። ልጁ እንደ እግር ኳሱ ክለብ አያማርጥም፤ በሊጉ ውስጥ የማስፈረም መብት ያለው የመረጠው ክለብ ነው። ተራው ከግርጌ ይጀምራል፤ ሲሸነፍ የከረመ ቅድሚያ ያገኛል። እንግዲህ ከፊት ተመርጦ የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን የቀረ ተጫዋች «በስት» ይባላል፤ «የከሰረ ምርጫ» ብንለው ያስኬዳል።

ቃሉ ደካማ ተጫዋች ማለት አይደለም። በመጨረሻው ዙር ተመርጦ ደብዛው የጠፋውን ልጅ በስት የሚለው የለም፤ ማን ጠብቆት?

ቃሉ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ስም የካናዳዋ ኬቤክ ልጅ አሌክሳንድር ዴግል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1992–93 በኬቤክ የወጣቶች ሊግ በ53 ጨዋታ 137 ነጥብ ሰበሰበ፤ ነጥብ የሚባለው ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ ነው። በዚያው ዓመት አዲሱ ክለብ ኦታዋ ሴናተርስ ከ84 ጨዋታ ያሸነፈው 10 ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ምርጫ ለማግኘት ሆን ብሎ ተሸንፏል የሚል ሐሜት ተነሣ፤ ሊጉ በ1995 የመጀመሪያውን ተራ በዕጣ ማድረግ የጀመረው ከዚህ ወዲያ ነው። ኦታዋ ዴግልን ወሰደና በአምስት ዓመት 12.25 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። አንዲት የሊግ ጨዋታ ላልተጫወተ ልጅ! ሊጉና ተጫዋቾቹ በ1995 ባደረጉት የሠራተኛ ስምምነት ለጀማሪዎች የደመወዝ ጣሪያ ሲበጅለት የሁሉም ዓይን ያረፈው በዚህ ውል ላይ ነበር።

ልጁም አፉን አልቆጠበም። «እንኳን አንደኛ ተመረጥሁ፤ ሁለተኛውን የሚያስታውስ የለም» አለ። ሁለተኛው ክሪስ ፕሮንገር ነበር፤ በ2000 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች፣ በ2007 የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደው የስታንሊ ዋንጫ ባለቤት፣ በ2015 የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ አባል። ዴግል በ616 ጨዋታ 129 ጎል አስቆጥሮ ከሊጉ ወጣ።

ምን ነካው? በወጣቶች ሊግ ተከላካዩም በረኛውም ልጅ ነው። ዴግል ከሁሉም የሚፈጥን በመሆኑ ከኋላቸው ሾልኮ ብቻውን ከበረኛው ፊት ይደርስ ነበር። ዋናው ሊግ ውስጥ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ መንገዱን ዘግቶ፣ በትከሻው ገፍቶ ወደ ጠርዙ ግድግዳ ያወጣዋል። እዚያ ፍጥነት ብቻውን አያበላም። በስንት ዓመት የሚገነባ ቡድን ደግሞ በአንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ተጫነ። ጉዳትም አለበት፤ በ1995–96 በ50 ጨዋታ 5 ጎል ብቻ አገባ። በመካከል ሁለት የውድድር ዓመት ሆኪን ትቶ ቆየ፤ ተመልሶ በ2003–04 ለሚኔሶታ በ51 ነጥብ የቡድኑ ቀዳሚ ሆነ። መቶኛ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማንም ክስረት ባላለው ነበር። ስለዚህ እኔ ቃሉን ከተጫዋቹ ይልቅ ለመራጮቹ እሰጠዋለሁ፤ ዋጋውን የተመኑት እነርሱ ናቸው።

አንዳንዱ ደግሞ ሰውነቱ ይከዳዋል። በ1999 አትላንታ አንደኛ የመረጠው ቼኩ ፓትሪክ ስቴፋን በጉዳት ሲማቅቅ ኖሮ በ455 ጨዋታ 64 ጎል ላይ ቆመ። ከእርሱ ቀጥለው የተመረጡት ሁለቱ የስዊድን መንትዮች፣ ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲን፣ ዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። ሰው ግን ስቴፋንን የሚያስታውሰው በጥር 2007 በሆነው ነው። ያኔ ለዳላስ ይጫወታል፤ ኤድመንተን በአንድ ጎል እየተመራ፣ በምትኩ አጥቂ ለመጨመር በረኛውን አስወጥቷል። ስቴፋን ጠፍጣፋዋን ኳስ ነጥቆ ብቻውን ባዶው ጎል ፊት ደረሰ፤ መግፋት ብቻ ቀረው። ኳሷ ነጥራ ዱላውን አለፈችው፤ ሊመልሳት ሲዞር በረዶው ላይ ተዘረረ። ኤድመንተኖች ይዘዋት ሄደው፣ ሁለት ሰከንድ ሲቀር አቻ አደረጉ። ዳላስ በመለያ ምት ማሸነፉን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለስቴፋን ያ በሊጉ የመጨረሻ ዓመቱ ሆነ።

ወደ ኦታዋ ልመለስ። ዴግልን በመረጠ በዓመቱ፣ በ1994፣ ያው ክለብ በ133ኛ ተራ ዳንኤል አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ አነሣ። ዴግል አምስት ጎል ባገባበት በዚያ ዓመት አልፍሬድሰን የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ኋላም የኦታዋ አምበል ሆኖ ዓመታት መራው፤ 11 ቁጥር መለያውም ዛሬ ከክለቡ መጫወቻ አዳራሽ ጣሪያ ተሰቅሏል።