ኢንዶር ስካይዳይቪንግ ላይ ኪሎና ትከሻ ለምን ይጠየቃል?

እዚህ ለገጣፎ ያሉ፣ ወደ ዱባይ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ልጆች ኢንዶር ስካይዳይቪንግ ቡክ ሲያደርጉ ፎርሙ ኪሎም ቁመትም ስለሚጠይቅ ግራ ይገባቸዋል፣ እስቲ ላስረዳ። ከአውሮፕላን መዝለል የለም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከታች ወደ ላይ በሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ ነው የምትንሳፈፉት፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ኪሎ ሲጨምር ብዙ ንፋስ ይፈልጋል፣ ረዥም ሰው ግን ንፋሱ የሚያርፍበት አካሉ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ቦታ የኪሎ ገደቡ ላላ ይልለታል። ደግሞ አስተማሪው በእጁ ነው የሚይዛችሁ፣ ኪሎ ቀንሶ መናገር እሱንም አደጋ ላይ መጣል ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት!

ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ ሰው ደግሞ እጁን ዘርግቶ ንፋሱ ሲገፋው ድጋሚ ሊወልቅበት ስለሚችል "ድሮ ነው፣ ወጌሻ አሽቶኛል" ብሎ መደበቅ በፍጹም አይሆንም፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። እርጉዝ አይፈቀድላትም፣ የጠጣ ሰውም እንደዛው። ልጆች ብዙ ቦታ ከ3 ዓመት ጀምሮ ይገባሉ፣ ከ18 በታች ከሆኑ ወላጅ ይፈርማል። ሄልሜት፣ መነጽርና የጆሮ መድፈኛ እዛው ይሰጣል፣ ሀብልና ቀለበት ግን አውልቁ። ውስጥ የንፋሱ ጩኸት ስለማያሰማ በእጅ ምልክት ነው የምትግባቡት፦ አስተማሪው ሁለት ጣት ቀጥ አድርጎ ካሳያችሁ እግር ዘርጉ፣ አጥፎ ካሳያችሁ እግር እጠፉ።